ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ

ሙዚየም ሲባል ብዙዎቻችሁ ዘውድ፣ ሰይፍና ጥንታዊ ብራና ትዝ እንደሚላችሁ እገምታለሁ። ተራው ሰው የበላበት ገበታ፣ የተንተራሰው ትራስ፣ የለበሰው ሸማም የታሪክ ምስክር መሆኑን እኔ ራሴ የተረዳሁት መምህር ከሆንሁ በኋላ ነው። እንዴት እንደተረዳሁት ላጫውታችሁ።

ያን ጊዜ የማስተምረው በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ ነበር። ሽሮ ሜዳ በሸማኔዎቹ የታወቀ ሰፈር ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ዶርዜዎች ናቸው። ከተማሪዎቼ አንዱ የሸማኔ ልጅ ነበር። አንድ ቀን የቤት ሥራውን ሳይሠራ ቢመጣ ተቆጣሁና፣ «ካልተማርህ እንደ አባትህ ጉድጓድ ውስጥ ትቀራለህ» አልሁት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ልጁ አንገቱን ደፋ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተማሪዎቼን አስከትዬ በእግር ወደ ስድስት ኪሎ ወረድሁ። በዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚገኘው ሙዚየም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ክፍል ነው። ተቋሙ የተመሠረተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ሲሆን፣ ሕንጻው ቀድሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ያደሩበት መኝታ ቤትና የገበሬው፣ የእረኛው፣ የሸክላ ሠሪዋ ዕቃ በአንድ ጣሪያ ሥር ይታያሉ። ዛሬ ዕቃዎቹ የተደረደሩት ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ቅደም ተከተል ነው።

ከአንድ የአገር ልብስ ፊት ቆመን፣ «ይህ እንዴት እንደተሠራ የሚያስረዳ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ዝም አሉ። ከዚያ ያ ልጅ ከኋላ ወጣ። ጥጡ እንዴት እንደሚዳመጥ፣ በደጋን እንደሚነደፍ፣ በእንዝርት እንደሚፈተል በዝርዝር ነገረን። አባቱ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ በእግሩ ድሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ በእጁ ማጉን የያዘውን መወርወሪያ ከወዲያ ወዲህ እንደሚያመላልስ በእጁ እያሳየ ገለጸልን። በመጨረሻም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ሲቀመጥ የሚከበር ሥራ፣ እኛ ቤት ሲሠራ ለምን ይናቃል?» አለኝ።

በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። እኔም መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ በተሳሳትሁበት ክፍል፣ በሳቁት ተማሪዎች ፊት፣ ይቅርታ ጠየቅሁት።

በጃፓን ዋና ከተማ በቶኪዮም የቀድሞውን የሠራተኛ ሰፈር ኑሮ የሚያሳይ፣ ሺታማቺ የተባለ ሙዚየም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ተከፍቷል። ያ ሰፈር በ1923 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በኋላም በጦርነት ወድሞ ነበር። ከሙዚየሙ ዕቃዎችም ብዙዎቹን ያበረከቱት ነዋሪዎች ናቸው። እነርሱ የሰበሰቡት ከጠፋው የተረፈውን ነው። በሽሮ ሜዳ ግን መወርወሪያው ዛሬም ይመላለሳል።

ስለዚህ፣ ተማሪዎች፣ ሙዚየም ስትጎበኙ ዕቃውን ብቻ አትመልከቱ፤ የሠራውንም ሰው አስቡ። ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ደግሞ ከጎረቤታችሁ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ወይም ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዳችሁ የመሣሪያዎቹን ስም ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም ሳትረሱ ጻፉ። እኔ ይህን የተማርሁት ከተማሪዬ ነው፤ ያውም ካሳዘንሁት በኋላ። እናንተ ግን ማንንም ሳታሳዝኑ ልትማሩት ትችላላችሁ።