ልዋጭ! የመርካቶ ልጅ የልውውጥ ማመልከቻ ሲጽፍ

«ልዋጭ!» የሚለውን ጥሪ ሳይሰማ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ነጋዴዎቹ ሳፋ፣ ሳህንና ብርጭቆ ተሸክመው በየሰፈሩ ይዞራሉ፤ እናቶች ደግሞ ያረጀ ሱሪና ኮት ያወጣሉ። ከዚያማ ክርክር ነው። «ይሄን የሚያህል ኮት ለአንድ ሳፋ ብቻ?» «እናቴ፣ ብብቱ እኮ ተቀዷል!» በመጨረሻ ሁለቱም የሚፈልጉትን ይዘው ይለያያሉ። ባዶ እጁን ወጥቶ ሳፋ ስጡኝ የሚል ግን የለም።

ውድ አንባብያን፣ ይህንን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ በመጪው ክረምት በሚካሄድ አንድ የአካባቢ ጥበቃ የወጣቶች በጎ ፈቃድ ካምፕ ለመሳተፍ አመልክቼ ተመርጫለሁ። ለሦስት ሳምንት ኬንያ እሄዳለሁ ማለት ነው። ወሬው በዲፓርትመንታችን ከተሰማ ወዲህ «እስቲ የኔንም እየው» እያሉ ማመልከቻቸውን ያሳዩኝ ጓደኞቼ ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ «ዓለምን የመለወጥ ህልም አለኝ» ወይም «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብለው ይጀምራሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን መራጩ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት ተከምሮ እያለ የእናንተን በምን ይለየው? ስሙ ራሱ ልውውጥ ነው። የልዋጭ ወንድም በሉት። ይዛችሁ የምትሄዱት ነገር ምንድን ነው ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያዎቹን በጎ ፈቃደኛ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ ልኳል። በ1964 ደግሞ የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያዝ ፕሮግራም ጀመረ። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ሄዱ። የከተማው ተማሪ የገበሬውን ኑሮ በዓይኑ አይቶ ተመለሰ፤ የተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ በተነሳ ቁጥር ይህ አገልግሎት አብሮ የሚነሳው ለዚህ ነው። ሊያስተምር ሄዶ ተምሮ መጣ። እኔ ልውውጥ የምለው ይህንን ነው።

ዛሬ በሩ ብዙ ነው፤ ግን እያንዳንዱ በር የራሱ ቁልፍ አለው። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ከተማችን ያለው የአፍሪካ ህብረት እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ አቋቁሟል። ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆናቸውን አፍሪካውያን ከአገራቸው ውጪ ባለ ሌላ የአፍሪካ አገር ለ12 ወራት ያሰማራል። በ1970 የተቋቋመውና መቀመጫውን ቦን ከተማ ያደረገው የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ከ18 እስከ 26 ዓመት ላሉ ወጣቶች የተለየ ዘርፍ አለው። በ2008 የተጀመረው የጀርመኑ ቬልትቬርትስ መጀመሪያ የጀርመን ወጣቶችን ብቻ ወደ ውጭ ይልክ ነበር፤ ከ2013 ወዲህ ግን እንደኛ ካሉ አገሮችም ይቀበላል። በዚህኛው የሚኬደው በአጋር ድርጅቶች በኩል ነው፤ ፎርም ይዞ ሚኒስቴር ማንኳኳት አያዋጣም። የአውሮፓ ህብረት ሶሊዳሪቲ ኮርፕስ ደግሞ በዋናነት ለህብረቱ አገሮችና ለጎረቤቶቻቸው ወጣቶች የታሰበ ነው። እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ ደብዳቤ ከማሳመር በፊት ዕድሜና ዜግነት የሚለውን መስመር ማንበብ ይቀድማል።

ወደ ጽሑፉ እንምጣ። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት እያልን ነው ሌክቸር የምንውለው። ማመልከቻም ከዜና ብዙ አይርቅም። እኔ ስለ ዓለም አልጻፍኩም። የጻፍኩት ስለ ምንአለሽ ተራ ነው። ቆራሌው በየሰፈሩ ዞሮ የሰበሰበው ቆርቆሮ እዚያ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃና ሳጥን ሲሆን፣ አሮጌ ጎማ በረባሶ ሲሆን እያየሁ ነው ያደግኩት። ሌላው ዓለም «ሪሳይክል» ብሎ ስብሰባ የሚቀመጥበትን ጉዳይ የሰፈሬ ሰዎች መዶሻ ይዘው ይሠሩታል። ለካምፑ የማመጣው ይህንን እውቀት ነው አልኩ።

ቀጥሎ የሠራነውን አስቀመጥኩ። እኔና አምስት የሰፈር ልጆች ባለፉት ሁለት ክረምቶች ቦይ የሚዘጋውን የሃይላንድ ጠርሙስ እየለቀምን በመሸጥ ለ14 ሕፃናት ደብተር ገዝተናል። ሥራውን ልንጀምር ስንል ግን በሰፈራችን የሚዞር አንድ ቆራሌው ጠራንና «እናንተ ለጽድቅ የምትለቅሙት የኔ እንጀራ ነው» አለን። ተቀምጠን ተነጋገርን። ከቦይ ውስጥ የሚወጣውን እኛ እንድንሰበስብ፣ ገዢው እሱ እንዲሆን፣ ከየቤቱ የሚገኘውን ደግሞ እንዳንነካበት ተስማማን። በስልክ በተደረገልኝ ኢንተርቪው ብዙ ጥያቄ የመጣው ስለ ደብተሩ ሳይሆን ስለዚህ ስምምነት ነበር። በጎ ሥራ የማንን እንጀራ እንደሚነካ የጠየቀ ሰው ይፈለጋል ማለት ነው። እናንተም ምስክር ወረቀት ከመደርደር እንዲህ ያለ አንድ ነገር ብታስገቡ ይሻላል።

ስለ ገንዘብም ላንሳ። «ውጭ አገር እንልካለን፣ ፎርም እናስሞላለን» የሚል ደላላ ሞልቷል። የተባበሩት መንግሥታት ፕሮግራም ለማመልከቻ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። አንዳንድ የአጭር ጊዜ ካምፖች የተሳትፎ ክፍያ አላቸው፤ ይሁን እንጂ እሱም አስቀድሞ በጽሑፍ የሚገለጽና ደረሰኝ ያለው መሆን አለበት። በመርካቶ ሕግ ዕቃው ሳይገላበጥ አይከፈልም። እዚህም እንደዚያው ነው።

ከሁሉም የከበደኝ ፈተና ግን የተጻፈው ፎርም ላይ አልነበረም። እናቴ በርበሬ በረንዳ ትሸጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያ የማነሳውም፣ ሒሳብ የምይዘውም እኔ ነኝ። መመረጤን ስነግራት «ያለ ደሞዝ ልትሠራ ነው አገር አቋርጠህ የምትሄደው? እዚህስ ሥራ ጠፋ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ምግብና ጉዞው በአዘጋጆቹ ቢሸፈንም የፓስፖርቱ ወጪ፣ ለሦስት ሳምንት የሚቀጠረው ተሸካሚ፣ የሒሳቡ መዛባት ሁሉ የኛ ዕዳ ነው። በጎ ፈቃድ ነፃ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የሚከፍለው ሰው አለ። ተነጋግረን የተሸካሚውን ከቆጠብኩት ላይ እኔ እንድከፍል፣ ሒሳቡን ታናሽ እህቴ እንድትይዝ ተስማማን። እህቴን መዝገብ አያያዝ ማስተማር ጀምሬያለሁ። ከኔ ሳትሻል አትቀርም።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ እናቴ ዛላ በርበሬ እየለቀመች፣ ቀና ሳትል «ትመለሳለህ አይደል?» አለችኝ። ከሰፈራችን ወጥተው የቀሩትን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። በኢንተርቪውም የመጨረሻው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ቃሉ ብቻ ነው የተለየው። «ስትመለስ ምን ትሠራለህ?» አሉኝ። ወጥቶ የቀረውን ለመኮነን አይደለም፤ ሁሉም የየራሱ ችግር አለው። ሆኖም በልውውጥ ስም ሄዶ የሚቀር ሰው ከኋላው ላለው አመልካች በሩን እየዘጋበት ነው። የሚቀጥለው ሰው የተጻፈለትን ደብዳቤ ሁሉ ይዞ ቢቀርብ እንኳ በጥርጣሬ ይታያል። ለሁለቱም የመለስኩት አንድ መልስ ነው፦ እመለሳለሁ፣ ያየሁትንም ከሰፈሬ ልጆችና ከቆራሌው ጋር ቁጭ ብዬ እነግራለሁ፣ በዚህ ቡለቲን ላይም እጽፋለሁ።

ለማመልከት የምታስቡ ጓደኞቼ፣ አሁኑኑ ፓስፖርታችሁን አስጨርሱ፣ ለድጋፍ ደብዳቤ መምህራኖቻችሁን የማመልከቻው ቀን ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው አታስጨንቁ፣ ጽሑፋችሁንም ለሰው አስነብቡ። እኔም ብትሰጡኝ አነብላችኋለሁ። በመጀመሪያው መስመር ላይ «ዓለም» የሚል ቃል ካገኘሁ ግን ሰፈራችሁን ጽፋችሁ እንድትመጡ እመልሳችኋለሁ። መልካም ዕድል!