ውክልና

ከባንክ መስኮት ጀርባ ለሚቀመጥ ሰው «ውክልና» የሚለው ቃል የዕለት እንጀራው ነው። ወካዩ አባት፣ ተወካዩ የአብራኩ ክፋይ ቢሆን እንኳ፣ ወረቀቱ ላይ «ገንዘብ እንዲያወጣ» የሚል ቃል ተጽፎ ካልተገኘ ክፍያ የለም። ቃሉ ከተገኘ ደግሞ ለእያንዳንዱ ብር የአባትየውን ፈቃድ ዳግመኛ አንጠይቅም። በወረቀት ላይ እንዲህ የቀለለው ነገር በኑሮ ምን ያህል እንደሚከብድ የተረዳሁት ታላቅ እኅቴን አይቼ ነው።

እኅቴ አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግና ምርቃት የምታሰናዳ አነስተኛ ድርጅት አላት። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መዳረሻ ድረስ ቅዳሜና እሑድ ለእርሷ ዕረፍት አይደሉም። እኔም በትርፍ ጊዜዬ ሒሳቧን እይዝላታለሁ። ሦስት ዓመት አብራት የሠራች ጎበዝ ረዳት አለቻት። ይሁን እንጂ ረዳቲቱ ድንኳን ለማስተከል ትላካለች እንጂ የት እንደሚተከል አትወስንም፤ አበባ ልታመጣ ትሄዳለች እንጂ ዋጋ አትከራከርም። የጠረጴዛው ልብስ ነጭ ይሁን ክሬም፣ ኬኩ መቼ ይቆረስ፣ ሁሉም ጥያቄ ተመልሶ ወደ እኅቴ ስልክ ይጎርፋል። እኅቴ እግር ቀጥራለች እንጂ ሰው አልቀጠረችም።

«እታለም፣ ለምን አትተዪላትም?» ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ሰው የሚመጣው ዓይኔን አምኖ ነው። ዓይን ደግሞ አይወከልም።»

መልሷ እውነት አለው። ነገር ግን የእናቶቻችንን ድግስ ሳስታውስ ሙሉ በሙሉ ልቀበለው አልቻልኩም። ጠጅ ጣይዋ ጌሾውን ስትመጥን ባለድግሷ አጠገቧ ቆማ አትቆጣጠርም። ድንኳኑና ወንበሩ የእድሩ ነው፤ አሳላፊዎቹ የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው። ወጥ ቤቱን እንድትይዝ የተሰየመችው ጎረቤት ደግሞ ጭልፋው በእጇ እስካለ ድረስ ንግሥት ናት፤ ባለድግሷ ራሷ ለዘገየ እንግዳ ወጥ ስትፈልግ እርሷን ታስፈቅዳለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል ከእንዲህ ያለ ግቢ የወጣ ይመስለኛል። ልብ በሉ፤ ብሂሉ ሎሚው ቀለለ አላለም፤ ጌጥ ሆነ ነው ያለው። ትእዛዝ የሰውን ጉልበት ይወስዳል፤ አደራ ግን ለተቀባዩ ክብር ይጨምርለታል።

ባለፈው ጥር በአንድ ቅዳሜ ሁለት ሰርግ ተደራረበ፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ቢሾፍቱ። እኅቴ አንድ ሰው ናት። በዋዜማው ማታ ወረቀት አውጥታ ሦስት ረድፍ አሰመረች፤ «ብቻሽን ወስኚ»፣ «ወስነሽ አሳውቂኝ»፣ «ሳትጠይቂኝ አትንኪ»። በመጀመሪያው ረድፍ ለድንገተኛ ወጪ 5,000 ብር ጻፈች። እስክሪብቶዋ ከሁሉም ይልቅ የዘገየው እዚያ ቁጥር ላይ ነበር።

በማግስቱ የአዲስ አበባውን ሰርግ ስትመራ አጠገቧ ነበርኩ። ስልኳ አልጮኸም፤ ዝምታው ከጩኸቱ ይልቅ አስጨነቃት። ከቀትር በኋላ ከቢሾፍቱ አንድ ፎቶ ደረሳት። የሙሽሮቹ መቀመጫ ዙሪያ አበባው እርሷ በምትደረድርበት መንገድ አልተደረደረም። ልትጽፍ ጀመረች፤ አጠፋችው፤ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ጥሩ ነው?» አለችኝ።

«የእርሷ ነው» አልኳት።

እሑድ ማለዳ ረዳቲቱ ደረሰኞቿንና የተረፈውን 1,800 ብር ይዛ መጣች። ገና ሒሳቡን ሳታስረክብ፣ «እትዬ፣ ሰርጌን ባዩልኝ ኖሮ!» አለች፤ ያላገባች ልጅ። እኅቴ ቀና ብላ አየቻት፤ ልትስቅ ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ። እስከዚያች ዕለት ድረስ በዚያ ቤት «ሰርጌ» ስትል የምትሰማ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።