ጥጉን ሰማይ ይበላዋል

ባለፈው ጥር ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት አገር ቤት ወረድኩ። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። አባቴ የቆርቆሮ ቤት እያቆሙ ደረስኩ። የእኛ ባሕር ዛፍ ገና ቀጫጭን ስለነበር ለበረንዳው ስድስት ምሰሶ ከቡሬ በአይሱዙ አስጭነን አመጣን።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ሲያቆሙ የኖሩ ናቸው። ቱንቢ የሚባል ነገር አያውቁም፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ፣ በቃ። ዘንድሮ ግን ሁለቱንም ዓይን ሞራ ጋርዶታል። «አንተ ልጅ፣ እንግዲህ ዓይኔ አንተ ነህ» አሉኝ። እኔስ ብትሉ፣ የምህንድስና ተማሪ አይደለሁ! ቱንቢዬን አንጠልጥዬ ተኮፈስኩ።

ምሰሶዎቹን በእጃቸው ዳበሱና ሁለቱን ወፍራሞች ለዩ። «እነዚህን ዳርና ዳር አድርጋቸው። ጥጉን ሰማይ ይበላዋል።»

የጎጃም ሰው ናቸውና ቅኔ መሰለኝ። እሺ አልኩ። ግን ወፍራሞቹ በሩን ግራና ቀኝ ቢይዙት ያምራል ብዬ መሐል ተከልኳቸው። አያዩማ!

ግቢ ከተመለስኩ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ አቴናው ፓርቴኖን ሳነብ ደርቄ ቀረሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 432 የተሠራ ቤተ መቅደስ ነው። ዓምዶቹ ከ10 ሜትር በላይ ይረዝማሉ፤ እንደ ባሕር ዛፍ ወደ ላይ ይቀጥናሉ፤ ታዲያ መስመራቸው ቀጥ ያለ ሳይሆን 2 ሳንቲ ሜትር እንኳ በማይሞላ ልክ ለስለስ ብሎ ያበጠ ነው። ጭራሽ ቀጥ ቢል ከሩቅ ወገቡ የሰረጎደ ይመስላል ይባላል። ወለሉም በረጅሙ ጎን መሐሉ ላይ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ይህን አንዳንዶች ለዓይን ነው ሲሉ፣ ሌሎች ዝናቡ እንዲወርድ ነው ይላሉ። የቡሬን ክረምት ላየ ሰው ሁለተኛውም ቀላል ምክንያት አይደለም።

የጥጉ ዓምዶች ደግሞ ከሌሎቹ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወፍራሉ። ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ ምክንያቱን ጽፎታል፦ የጥግ ዓምድ ዙሪያውን ባዶ አየር ስለሚከበው ለዓይን ይቀጥናል፤ ስለዚህ የውፍረቱን አንድ ሃምሳኛ ጨምሩለት። እንግዲህ የአባቴ ሰማይ ይኸው ነው!

ለፋሲካ ስሄድ ማሳው ዳር ቆሜ ቤቱን አየሁት። ጀምበሯ እየጠለቀች ነበር። መሐሉ ደልድሎ ቆሟል፤ የዳርና የዳሩ ምሰሶዎች ክር መስለዋል። ቤቱ ትከሻ የሌለው ሰው ይመስል ነበር።

ማታ እናቴ ለብቻዬ ነገረችኝ። በጥር የሄድኩ ዕለት አባቴ ስድስቱንም ምሰሶ አንድ በአንድ አቅፈው ለክተዋቸዋል። ገብተው ተቀመጡ፤ ምንም አላሉም።

በማግስቱ ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ «ቤቱ ከሩቅ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጥጉን ሰማይ በልቶታል፣ አባዬ።»

ሳቁ። ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። «በል እንግዲያ፣ ጣራውን የምንደግፍበት እንጨት ፈልግ። ዶማውንም አምጣ።»