«አረፈ» ስንል

አማርኛችን «አረፈ» በሚለው አንድ ቃል ሁለት ዓይነት ሰው ይሸኝበታል፤ ከድካሙ ጋደም ያለውንም፣ ላይመለስ የሄደውንም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይህ ቃል በየመንገዱ ይገጥመኛል። «ጋሼ፣ እንግዲህ አረፉ አይደል?» ይሉኛል የቀድሞ ተማሪዎቼ። ደግ ምኞት መሆኑን አላጣሁትም። ነገር ግን 34 ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ቃልንም እንደ መለኪያ መሣሪያ መጠርጠር ይለምድበታልና፣ ከሁለቱ የትኛውን ማለታቸው ይሆን እላለሁ።

ሰሞኑን ደግሞ ያው ቃል ስለ ሰማይ ሳነብ መጣብኝ። የሥነ ፈለክ ሰዎች ጋላክሲዎችን በሁለት ወገን ይከፍሏቸዋል። አንደኛው ወገን ዛሬም ኮከብ ይወልዳል። የእኛው ፍኖተ ሐሊብ ከዚህ ወገን ነው፤ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ፀሐይ የሚያህል ክብደት ያላቸው አዳዲስ ከዋክብት ያፈራል። ሁለተኛው ወገን መውለድ አቁሟል። ፈረንጆቹ ይህንን አንዳንዴ «ቀይና ሙት»፣ አንዳንዴ ደግሞ «ጸጥ ያለ» ይሉታል። ወደ አማርኛ ልመልሰው ስሞክር ብዕሬ «ያረፈ» ላይ ቆመች።

መውለድ ማቆሙ በምን ይታወቃል? መጀመሪያ በቀለሙ። ግዙፍ ኮከብ ሰማያዊ ሆኖ ይንቦገቦጋል፤ አባካኝ ነውና በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ማገዶውን ይጨርሳል። ትንሹ ኮከብ ግን ቀይና ቆጣቢ ነው፤ ዕድሜው ጽንፈ ዓለም እስከዛሬ ከኖረው 13.8 ቢሊዮን ዓመት እጅግ ይበልጣል። ልደት ሲቆም እንግዲህ ሰማያዊዎቹ ቀድመው ይሄዳሉ፣ ቀዮቹ ይቀራሉ፤ ጋላክሲውም ይቀላል።

ይሁን እንጂ በሩቁ ሰማይ ቀይ ሁሉ ያረፈ አይደለም። በልደት የሚታመስ ጋላክሲ በአቧራ ሲሸፈን፣ አቧራው ሰማያዊውን ብርሃን እየዋጠ ቀዩን ያሳልፋል። ጢስ የሞላው ማድቤት ውስጥ እሳት መኖሩን ከደጅ ሆኖ ማየት እንደሚያስቸግር ማለት ነው። በዚያ ላይ የጽንፈ ዓለም መስፋት የሁሉንም ብርሃን ወደ ቀይ ይጎትተዋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በአንድ ቀለም አይፈርዱም። ዓይን የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ጨምረው ያነጻጽራሉ፤ ሲቻልም ብርሃኑን በትነው የሃይድሮጅንን አሻራ ይፈልጋሉ። የሚወልደው ጋላክሲ በዚያ አሻራ ላይ ብሩህ መስመር ያሳያል፤ ያረፈው ጥቁር መስመር።

አዳም ካርናል የተባለ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ያሳወቁት ጂኤስ-9209 የተባለ ጋላክሲ አለ። የምናየው ጽንፈ ዓለም 1.25 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሲሞላው የነበረውን መልኩን ነው። የከዋክብቱ ክብደት ከፍኖተ ሐሊብ ጋር ይቀራረባል፤ ስፋቱ ግን ከአሥር አንድ እጅ ያህል ነው። መውለዱንም ጽንፈ ዓለም 800 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሳለ አቁሟል። በጽንፈ ዓለም ውስጥ የከዋክብት ልደት ጣራ የነካው ከዛሬ 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ስለሆነ፣ ይህኛው ሠርጉ ሳይደምቅ ድንኳኑን አፈረሰ ማለት ነው።

ለምን? ኮከብ እሳት ይሁን እንጂ ከብርድ ነው የሚወለደው። ጋዝ ከዜሮ በታች ወደ 250 ዲግሪና ከዚያም በላይ ካልቀዘቀዘ በራሱ ክብደት ተሰብስቦ ኮከብ አይሆንም። በጂኤስ-9209 እምብርት ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ተገኝቷል። ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ነገር ግሎ የሚረጨው ኃይል ጋዙን ሳያሞቀው ወይም ጠርጎ ሳያስወጣው እንዳልቀረ ይገመታል። በቅርባችን ያለው ኤም 87 የተባለው ጋላክሲም ቢሆን ዙሪያው ጋዝ ሞልቶታል፤ ጋዙ ግን በሚሊዮን በሚቆጠር ዲግሪ ስለጋለ ከዚያ ሁሉ ሀብት የሚወለደው ኢምንት ነው።

ይህን ሳነብ አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ትዝ አለኝ። ግጥም ይጽፍ ነበር፤ ሃምሳ ሳይሞላው ተወው። ሐሳብ አልቆበት አልነበረም። ሻይ ቤት ስንቀመጥ አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ይመጣበት ነበር፤ የሚረጋበት፣ የሚበርድበት ሰዓት ነው ያጣው። እኛ ግን «ነጠፈ» አልነው። አቧራውንና እርጅናውን፣ ማጣትንና መጋልን የምንለይበት መሣሪያ ለሰው አልተሠራለትም።

ስለ ቃሉ ግን ቆርጫለሁ፤ «ሙት» አልልም፣ «ያረፈ» ይሁን። ምክንያቴ የዋህ ርኅራኄ አይደለም፤ ሒሳቡ ነው። 800 ሚሊዮንን ከ1.25 ቢሊዮን ቀንሱ። ከጂኤስ-9209 ተነሥቶ 12.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዞ ቴሌስኮፑ መስታወት ላይ ያረፈው ብርሃን፣ ጋላክሲው መውለድ ካቆመ ከ450 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በኋላ የወጣ ብርሃን ነው።