ሌቭል የማይነግረን ዕድገት



ከገርጂ እስከ ሰሚት ድረስ በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት አይጠፋም። አብዛኞቹ ልጆች የሚጫወቱት ኳስ ነው። እኔ የምወደው ግን ረጅም ታሪክ ያለውን፣ ከደካማነት ተነስተው ደረጃ በደረጃ የሚያድጉበትን ጌም ነው። «አማኝ ሆነህ ጌም?» የሚሉኝ ወገኖች አሉ። ጥያቄያቸውን አልንቅም። ስለዚህ ከተጫወትኳቸው መካከል የሦስቱን ላካፍላችሁ።

«ዳርክ ሶልስ» እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ከባድ ጌም ነው። ስትሞቱ የሰበሰባችሁት ነጥብ እዚያው ይቀራል፤ ተመልሳችሁ ሳታነሱት ዳግመኛ ከሞታችሁ ይጠፋል። ሌሎች ተጫዋቾች ግን መሬት ላይ መልእክት ትተው ያልፋሉ። አንዱ ከፊት ያለውን አደጋ ያስጠነቅቃል፣ ሌላው ያታልላል። የቀደመ ሰው ምስክርነት ምን ያህል እንደሚጠቅም፣ መመርመርም እንዳለበት እዚያ አየሁ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ዊቸር 3» ደግሞ ጭራቅ እያደነ ስለሚኖር ሰው ነው። ደም የሚበዛበት የአዋቂ ጌም ስለሆነ ለልጆች አልመክረውም። በውስጡ ግን ዛሬ ለአንድ ሰው የምትሰጡት መልስ ውጤቱ ከብዙ ሰዓት በኋላ ይመጣል። ቃል ዘር ነው።

በወጣቶች ኅብረታችን አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ጌም ላይ ማደጌን አውቃለሁ፤ ሌቭሌ ይጨምራል። ቤተ ክርስቲያን ግን ሦስት ዓመት ተመላልሼ ማደጌን በምን ልወቅ? አሁንስ ደከመኝ።» ልጁ ሊቀር እንደሆነ ገባኝ።

ያኔ «አንደርቴል» ትዝ አለኝ። እሱም እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው። አንድ ልጅ ከመሬት በታች ወደሚኖሩ ጭራቆች ዓለም ይወድቃል። ጭራቅ በገደለ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራል፣ ሌቭሉም ያድጋል። ወደ መጨረሻው ግን ምስጢሩ ይገለጣል፦ ነጥቡ በሌሎች ላይ ያደረሰው ሥቃይ መለኪያ ነበር፤ ሌቭሉም ለመጉዳት ያለው አቅም። ማንንም ሳይገድል ሁሉን በምሕረት የሚያልፍ ተጫዋች ሌቭሉ እስከ መጨረሻ 1 ነው።

ለልጁ ይህን ነገርኩትና እንዲህ አልኩት፦ «ቁጥር ስላልጨመረ አላደግህም ማለት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ የመንፈስን ነገር ፍሬ ብሎታል። ፍሬን ደግሞ የሚቀምሰው ዛፉ ሳይሆን ሌላ ሰው ነው። ማደግህን እናትህን ጠይቃት። ሴቭ ሳታደርግ መብራት ሲጠፋ ለታናሽ ወንድምህ ምን ዓይነት መልስ እንደምትሰጠውም አስተውል።» ትንሽ ሳቀ፤ ከዚያ ዝም ብሎ አሰበ።

ወገኖች፣ ጥያቄው የልጁ ብቻ አይደለም። ስንት ቀን እንደጾምን፣ ስንት ዓመት እንዳገለገልን የምንቆጥር ብዙዎች ነን። መቁጠሩ ክፉ አይደለም። ነገር ግን አብረውን የሚኖሩት ሰዎች ፍሬያችንን ሲቀምሱት ይጣፍጣቸዋል ወይስ ይመርራቸዋል?

ጸጋ ይብዛላችሁ።