ከቦንጋ ማዶ

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ከፋ የሚጓዝ ሰው ወደ ጎጀብ ሸለቆ ሲወርድ የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል፤ ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ሲወጣ ግን አየሩም የምድሩም መልክ ይለወጣል። ቦንጋ በደን ተከብባ በኮረብቶች ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች።

በመጀመሪያ ያየሁት አንድራቻን ነው። የከፋ ነገሥታት መናገሻ የነበረው ይህ ሥፍራ ዛሬ የድንጋይ ግንብ ለሚፈልግ ዓይን የሚያሳየው ጥቂት ነው፤ ቤተ መንግሥቱ የእንጨትና የሣር ሥራ ነበርና ከጦርነቱ አልተረፈም። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በአፄ ምኒልክ ትእዛዝ ዘመቱ። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በየጫካው ሲሸሸጉ ብዙ ወራት ቆይተው ተማረኩ፤ በተማረኩም ጊዜ የንግሥና ቀለበታቸውን ወደ ወንዝ ወረወሩት እየተባለ ይተረካል። ትረካው እውነት ይሁን አይሁን፣ በከፋ ሰው አፍ ሲነገር የሰማ ሰው እንደ ተራ ተረት አያልፈውም። ዘውዱም ባሕር ማዶ ተሻግሮ ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል።

የክርስትናውም ታሪክ እንዲሁ ልብን ይነካል። ወንጌል ወደዚህ ምድር በመካከለኛው ዘመን ደርሶ ነበር፤ ኋላ ግን መንገዱ ተዘጋ፣ ካህናትም ጠፉ። የከፋ ሕዝብ ማሽቃሮ ብሎ የሚያከብረው በዓል ከመስቀላችን ጋር የተዛመደ ነው። መጽሐፍም ካህንም በሌለበት በዓሉ መቆየቱን ሳስብ እናቶችንና አባቶችን አመሰገንሁ፤ በቤት ውስጥ ያልተነገረ በዓል ይህን ያህል ዘመን ሊሻገር አይችልምና።

በማግሥቱ ወደ ዴቻ ወረዳ፣ ወደ ማንኪራ ሄድሁ። የዱር ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ሽማግሌዎቹ የቡና ሁሉ እናት የሆነች ዛፍ በዚህ ደን አለች ይላሉ። በከፋ ቋንቋ ቡና «ቡኖ» ይባላል። በዛፎቹ አናት ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል፤ ወደዚያ የሚወጣውን ጐልማሳ ከሥር ሆኖ ማየት ብቻ ያዞራል። ይህ ሁሉ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የከፋ ባዮስፌር ክልል አካል ነው።

በአንዲት የሣር ቤት ቆጮና ማር ቀርቦልኝ ከባለቤቱ ከሽማግሌው ጋር ተጫወትን። እኔም የመንደሩን ጸጥታ እያመሰገንሁ፣ «አባቴ፣ መኪና የማይደርስበት አገር እንዴት የታደለ ነው!» አልኋቸው። ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ አንተ ነገ ትሄዳለህ» አሉኝ። ቀጥለውም ባለፈው ክረምት ምራታቸው ምጥ ሲጠናባት አራት ጐልማሶች በቃሬዛ ተሸክመው በጭቃው ውስጥ እንዳወጧት ነገሩኝ። ሕፃኑ በመንገድ ተወለደ፤ ሁለቱም ዳኑ። «ሌላይቱን ጎረቤታችንን ግን አላደረስናትም» ብለው ዝም አሉ።

«እንግዲያውስ መንገድ ይግባ አይሉም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡ። መንገድ ከገባ እንጨት ቆራጩም እንደሚገባ ያውቃሉ፤ ቡናው ደግሞ ያለ ጥላ አይኖርም። የልጅ ልጃቸውን የደብተር ገንዘብ የሚከፍለው ያው የደን ቡና ነው። እርሳቸው የሚሹት ጠባብ መንገድ ነበር፤ ድልድዩ ጠንካራ ሆኖ አምቡላንስ የሚያሳልፍ፣ የጭነት መኪና ግን የማያሳልፍ። ይህን ሲሉ ስፋቱን በሁለት እጃቸው አሳዩኝ። ልኩን የሚሠራ መሐንዲስ ይገኝ እንደ ሆነ አላውቅም፤ አሳቡ ግን ከብዙ የከተማ ምክር የበሰለ ሆኖ አገኘሁት።

ከሰዓት በኋላ ዝናም ጀመረ። የልጅ ልጃቸው ደብተሯን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በበሩ አየኋት፤ እግሯን በደጃፉ ውኃ ታጠበችና ሕፃኑን ወንድሟን ከእናቷ ተቀበለች።