ዲያቆኑና ፎርሙ

ሰሞኑን እኛ የካኩማ መምህራን የአንድ ልጅ ፎርም ስንሞላ አመሸን። ልጁ ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት የቆየ ዲያቆን ነው፤ የሃይማኖት ጥናት መማር ይፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ጠየቀ። «የኔታ እኮ ሰርተፍኬት አይሰጡም» አለን። ሳቅን፤ ኋላ ዝም አልን።

ለማጽናናት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን አነሳንለት። በ1975 በደርግ ወታደሮች ጥይት ቆስለው ተሰደዱ፤ ሚኒሶታ ተቀምጠው የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ካታሎግ ሲሠሩ ኖሩ፤ በ1988 የማካርተር ሽልማት አገኙ (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)።

«እሳቸውማ ዶክተር ሆነው ነው የተሰደዱት» አለ። እውነቱን ነው፤ ከጀርመን ቱቢንገን የተማሩ ናቸው።

ቅኔ ቤት ከስንተኛ ክፍል ይተካከላል? ሁለት ማታ ተከራክረን ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍንለት። ምስክር ግን ይጎድለዋል። ከመካከላችሁ ቅኔ ቤት የተማረ ካለ ትምህርት ቤታችን ብቅ ይበል፤ ማመልከቻው ገና አልተላከም።